ሁለቱ ደጋኖች

ጡረታ ስወጣ ሙዚየሙ የሰጠኝ ምስክር ወረቀት ባለ መስታወት ፍሬም አለው። «አቶ ሸምሱ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያለ አንዳች ጥፋት በታማኝነት አገልግለዋል» ይላል። ማንበብ ሳልችል ቢሰጡኝ ኖሮ ሳሎን ሰቅዬው እኖር ነበር። ምን እንደሚል የት አውቄ! አሁን ግን አነባለሁ። ውሸት መሆኑንም ያወቅኩት ለዚህ ነው።

ከስልጤ አገር አዲስ አበባ የመጣሁት ጉልበቴን ይዤ ነው። መካኒሳ አካባቢ ቤት ሲሠራ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ሲሚንቶ አቦካሁ። ከዚያ አንድ የዱቄት መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። አለቃዬ ስሜን ሳያውቅ ሰባት ዓመት አሠራኝ፤ «አንተ» ነበር የሚለኝ። የመጋዘኑ የብረት በር የግራ አውራ ጣቴን የጨፈለቀው እዚያ ነው። ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቆ በቀለ፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። አለቃዬ ጣቴን አይቶ «በሩ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። እኔም ሥራውን ትቼ ወጣሁ።

ሙዚየሙ ዘበኛ እንደሚፈልግ የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ፎርሙንም የሞላው እሱ ነው። ትምህርት በሚለው ቦታ ላይ «ስድስተኛ ክፍል» ብሎ ጻፈ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊርማዬን ሥዕል እንደሚለማመድ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ካርቶን ላይ ስስል ሰነበትኩ። የሚነበብ ነገር ሲመጣብኝ «መነጽሬን ረስቼ» እል ነበር። መነጽር አልነበረኝም። በኋላ ሰው እንዳይጠረጥረኝ ብዬ ከመንገድ ላይ አንድ ገዛሁ። እሱን ሳደርግ ደግሞ ራሴን አመመኝ።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። የነገሥታት ዘውድ የለውም። የሸክላ፣ የሽመና፣ የቀጥቃጭ፣ የንብ ማነቢያና የአደን መሣሪያ ነው ያለው። ዕቃውን የሚጠብቀው ጋሽ ታደለ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ያኔ የጡረታ ዕድሜው አልፎ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ነበር የሚሠራው። ከበር ጥበቃ አውጥቶ ረዳቱ ያደረገኝ እሱ ነው። «ይሄ ሰውዬ ሲራመድ ግድግዳ አይነካም» አላቸው ለአለቆቹ። ሌላ መመዘኛ አልነበረውም።

ጋሽ ታደለ ዕቃ ሊያነሳ ሲል ሰዓቱንና ቀለበቱን አውልቆ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከታል። እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል። ከዚያ መንገዱን ባዶ እጁን አንዴ ይሄድበታል፤ ወንበር ካለ ይገፋል፣ ምንጣፍ ከታጠፈ ይዘረጋል። ዕቃ ይዞ ሳለ ሥራ አስኪያጅም ብታናግረው አይመልስም። ማሰሮን በጆሮው፣ ቅልን በአንገቱ አያነሳም። «እጀታ ለባለቤቱ ነው የተሠራው። አንተ ከሥሩ ያዝ» ይላል። እኔ አንድ ነገር ላነሳ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበረችው።

«የት ልታሳርፈው ነው?»

መልስ ከሌለኝ አያስነሳኝም። መጀመሪያ እጄ ላይ ያለውን ዕቃ የማኖርበት ቦታ መዘጋጀት አለበት። ሙዚየም ውስጥ ብዙው ዕቃ የሚሰበረው ሰው ካነሳው በኋላ የሚያሳርፍበት ሲያጣ ነው። ይህንን ከእሱ ነው የተማርኩት፤ ዲግሪ ያላቸው አላስተማሩኝም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ጠዋት በር ሳይከፈት በየግድግዳው እየዞረ መግለጫዎቹን ጮክ ብሎ ያነባል። መግለጫ የምንለው ከዕቃው ሥር የሚሰቀለውን ትንሽ ካርድ ነው። እኔ አቧራ መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላው እከተለዋለሁ። እሱ ያነባል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሙዚየሙን በሙሉ በቃሌ ወጣሁት። ጎብኚ ሲጠይቀኝ ካርዱን የማነብ መስዬ ቆሜ እለዋለሁ። አንድም ሰው አልነቃብኝም። እኔ የመሰለኝ እንደዚያ ነበር።

ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሲከፈቱ ደግሞ ተማሪ በአውቶቡስ ጭኖ ሙዚየም ማምጣት ቀረ። ሥራ አስኪያጇ «እኛ ወደ ክፍል እንግባ» አለች። ላይቭ ጉብኝት የተጀመረው በዚህ ነው። እኛ እዚህ በስልክ እንቀርጻለን፣ ተማሪዎቹ እዚያ በክፍላቸው ስክሪን ላይ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እንመልሳለን። ተናጋሪው ናትናኤል የሚባል የቱሪዝም ምሩቅ ነው። ዕቃ የሚያሳይ እጅ ስላስፈለገ እኔን መደቡኝ። ለሥራው ማንበብ የሚችል ሰው ነበር የፈለጉት፤ የዕቃው ተራ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣላ። ፋይሌን አዩ፤ ስድስተኛ ክፍል። ደሞዜ ትንሽ ጨመረ። ውሸቴም አብሮ ጨመረ። ፋይሉ ቢመረመር የማጣው ምደባውን ብቻ አልነበረም፤ በሐሰት ማስረጃ ከሥራ መባረር ነው።

ሥራውን ግን እችለው ነበር፤ ስለ ሥራዬ አልዋሽም። ወረቀቱን ባላነብም ናትናኤል የሚጠራውን ሰምቼ አነሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። ብርሃኑ ከመስኮቱ በጎን መምጣት አለበት፤ ከኋላ ከመጣ ዕቃው ይጠቁራል። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ዕቃውን ቶሎ ካዞርከው ልጆቹ የሚያዩት የተቆራረጠ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ጎን አሳይተህ በልብህ እስከ ሦስት ትቆጥራለህ፣ ታዞራለህ፣ ደግሞ ትቆጥራለህ። ልጆቹ ጥያቄ ተጠይቀው ዝም ቢሉ አትደነግጥም፤ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ናትናኤል ይህ አልገባው ብሎ ሁልጊዜ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልስ ነበር። በውጭ የታክሲ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ሲጮህ መስኮት እዘጋለሁ። ልጆቹ የሚያዩት ከእጅ አንጓዬ በታች ያለውን ብቻ ነው። አንድ ክፍል «ጋሼ እጅ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ፊቴን የሚያውቅ አልነበረም፣ ጥፍሬን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ የአዳራሹ ግድግዳ ቀለም ሊቀባ ሆነ። ጋሽ ታደለ ያን ዕለት አገር ቤት ለቅሶ ይሄድ ነበር። ሻንጣውን እንደያዘ መጥቶ «ሸምሱ፣ ካርዶቹን በየተራቸው አውርደህ በየተራቸው መልሳቸው» ብሎኝ ሄደ። በየተራቸው አወረድኩ፣ በየተራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ቀለም ቀቢው መሰላሉን የሚያቆምበት ቦታ ሲያጣ ካርዶቹን ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው።

«አንተ ሰውዬ ምን አደረግክ!» አልኩት።

«ምን ሆንኩ? ወረቀት ነው፣ አልበላኋቸው። አንብበህ መልሳቸው!»

አንብበህ መልሳቸው።

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየሁ። ረጅሙን በርዝመቱ አወቅኩት። አንዱ ጥጉ ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለው፣ የቀጥቃጩ ወናፍ ነው። አንዱ አምስት መስመር ነው፣ የንብ ቀፎው ነው። እንዲህ እያልኩ ሁሉንም መለስኩ። ሁለት ብቻ ቀሩኝ። የሁለቱ ደጋኖች ናቸው። ደጋኖቹ ጎን ለጎን ነው የተሰቀሉት፤ አንዱ የአደን፣ አንዱ ጥጥ መንደፊያ። ካርዶቹ እኩል ናቸው፣ ሁለቱም ሦስት ሦስት መስመር። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ የትኛው ቃል የትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ግን አላውቅም። ቀለም ቀቢውን አንብብልኝ እንዳልለው አፈርኩ። ገመትኩና ሰቀልኩ።

ሰኞ ከጀሞ አንድ አምስተኛ ክፍል ጋር ላይቭ ነበረን። ስልሳ ያህል ልጆች። ናትናኤል ወደ ግድግዳው ሄዶ ካርዱን አነበበ፣ እኔ ደጋኑን አውርጄ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ያዝኩት።

«ይህ አባቶቻችን አውሬ ለማደን ይጠቀሙበት የነበረ ደጋን ነው። ምን ምን ያደኑበት ይመስላችኋል?»

አንዲት ልጅ ተነሳች። «ቲቸር፣ እሱ የጥጥ ነው። እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ነው። እኛ ቤት አለ።»

ከኋላ አንዱ «እናትሽ አንበሳ ታድናለች?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«አባቴ ሸማኔ ነው እኮ! እናቴ ትነድፋለች፣ ትፈትላለች፣ እሱ ይሠራል!»

ሳቁ ባሰ። ናትናኤል ፈገግ ብሎ «ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ይሄ የአደን ነው» አለ። ልጅቷ ቆማ ቀረች። አስተማሪዋ ቲቸር ዙፋን ትባላለች። «አስቴር፣ ሙዚየም ነው እኮ የሚናገረው። ከሙዚየም ልትበልጪ ነው? ቁጭ በይ!»

ልጅቷ ቁጭ አለች።

እኔ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ጋሽ ታደለ በየጠዋቱ «ጅማቱ በጣት ተስቦ ጥጡ ላይ ይለቀቃል» እያለ ያነበበው ስለ ትንሹ ደጋን ነው፣ እጄ ላይ ስላለው። «ተሳስተናል» ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን «እንዴት ተሳሳትክ?» ሊሉኝ ነው። አንድ ጎኑን አሳየሁ፣ እስከ ሦስት ቆጠርኩ፣ አዞርኩት፣ ደግሞ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ ቦታው መለስኩት።

በማግስቱ የአስቴር እናት መጣች። ወይዘሮ ዳምነሽ ትባላለች። በአንድ እጇ ደጋን፣ በሌላው በፌስታል ጥጥ ይዛለች።

«ልጄን ውሸታም ያላት የትኛው ነው?»

ናትናኤል «እትዬ፣ ማንም ውሸታም አላላትም…» ሲል አላስጨረሰችውም። የአዳራሹ መሀል ወለል ላይ ቁጭ አለች፣ ጥጡን ዘረገፈች፣ ጅማቱን ሳበችና ለቀቀችው። ድም፣ ድም፣ ድም ይላል። ጥጡ እየተነፋ፣ እየነጣ መጣ፤ ብናኙ አዲሱ ቀለም ላይ ሳይቀር ተለጠፈ።

«በይ አድኚበት በለኛ!» አለችው።

ሥራ አስኪያጇ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ «እናስተካክላለን» አለቻት። ሴትዮዋ ጥጧን ለቅማ ሄደች። ካርዶቹ ያን ጊዜውኑ ተቀያየሩ።

ጋሽ ታደለ ረቡዕ ከለቅሶ ሲመለስ ቢሮ ተጠራ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አቶ ታደለ፣ ካርዶቹን የሰቀለው ማነው?» አለችው ሥራ አስኪያጇ።

ወደ እኔ አየ። ረጅም አልነበረም አስተያየቱ።

«እኔ ነኝ። መኪናው ሊያመልጠኝ ሆኖ ቸኩዬ ነው የሰቀልኩት።»

ቅዳሜ ቢሮ አልነበረችም፣ አመነችው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ከአዳራሹ ተነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲሠራ ተደረገ። ዓመቱ ሲያልቅ ኮንትራቱ አልታደሰም። እኔ ምንም አልተናገርኩም። አምስት ልጆች ነበሩኝ እያልኩ ላስለቅሳችሁ አልፈልግም። ነበሩኝ፣ ግን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው።

ማስጠንቀቂያው በተጻፈ ማግስት ጋሽ ታደለ ግምጃ ቤት አስጠራኝ። ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«የጥጡ የትኛው ነው?»

ወደ አንዱ ጠቆምኩ።

«ልክ ነህ» አለ። «ገመትክ ግን።» መነጽሬን ከፊቴ አውልቆ በራሱ ዓይን ላይ አደረገና ወዲያው አወለቀው። «ይሄን ጣለው፣ ዓይንህን ያጠፋብሃል። ከነገ ጀምሮ ጠዋት የምታነበው አንተ ነህ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝምም። ፊደል የቆጠርኩት በመግለጫ ካርድ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ማሰሮ» ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ማሰሮ ፊት ቆሞ «ማ… ሰ… ሮ» ይላል፣ ጋሽ ታደለ ከኋላው አቧራ መጥረጊያውን ይዞ ይከተላል። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጠዋት አላስቀረም። እውነቱን ልናገር? ብዙ ቀን ጠልቼዋለሁ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከዚያው ክፍል ጋር በድጋሚ ላይቭ ነበረን። ሥራ አስኪያጇ ለናትናኤል «ደጋኑን ዝለለው» አለችው። ዘለለው። ካርዱ ተስተካክሏል፣ ለስልሳዎቹ ልጆች ግን ማንም አልነገራቸውም። ስክሪኑ ላይ አስቴርን አየኋት፤ ሦስተኛው ረድፍ። ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን አላወጣችም። እኔ ወንፊት እያዞርኩ እስከ ሦስት ቆጠርኩ።

ዓመታት አለፉ፣ ጡረታ ወጣሁ። ምስክር ወረቀቱን ይዤ ብስራተ ገብርኤል ጋሽ ታደለ ቤት ሄድኩ። ስኳር ዓይኑን ወስዶበታል። አልጋው ላይ ተቀምጦ «ምን ይዘሃል? ኮቴህ ዕቃ የያዘ ሰው ነው» አለኝ።

«ምስክር ወረቀት።»

«አንብበው።»

አነበብኩለት። «ያለ አንዳች ጥፋት» ላይ ስደርስ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ልናገረው ነው» አልኩት።

«የት ልታሳርፈው ነው?»

«አንተ ዘንድ ነዋ የመጣሁት።»

«እኔ ጋ ምን ያደርጋል? እኔ አውቀዋለሁ። የኔ ግድግዳ ሞልቷል። የወሰድከው ከሌላ ቦታ ነው፣ እዚያው መልሰው።»

በሳምንቱ ታክሲ ይዤ ጀሞ ሄድኩ። ያን ሁሉ ዓመት በስክሪን የገባሁበትን ትምህርት ቤት በእግሬ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ዘበኛው ፈተሸኝ፣ ደግ አደረገ። ቲቸር ዙፋን አሁን ምክትል ርዕሰ መምህር ናት። የሆነውን ስነግራት እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ቁጭ በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች። አስቴር ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች፤ አስጠራቻት።

ረጅም ሆናለች። ፊቴን አየች፣ አላወቀችኝም። ከዚያ እጄን አየች።

«ጋሼ እጅ!» አለች። «ጥፍርዎን አውቀዋለሁ።»

ቁጭ ሳልል ነገርኳት። ካርዱን የሰቀልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያኔ ማንበብ የማልችል እንደነበርኩ፣ ልክ እንደነበረች ያኔውኑ እንዳወቅኩ። ሰማችኝ። አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም።

«አሁን ለኔ ለብቻዬ ነው የሚነግሩኝ?» አለች።

«ታዲያ ለማን?»

«ያኔ እኮ ስልሳ ነበርን። እስከ ስምንተኛ ክፍል 'አዳኟ' ነው ሲሉኝ የነበረው።»

ቲቸር ዙፋን «ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ» አለች። «ልጆቹ ብዙዎቹ እዚሁ ናቸው።»

ማታውኑ ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ስድስት መስመር ነው። ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያልቅ ቲቸር ዙፋን ማይኩን ያዘችና መጀመሪያ የራሷን ተናገረች፤ አጭር ነበር። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። በቃሌ ልለው እችል ነበር፣ በቃሌ ማለት ለኔ ቀላል ነው። ግን ከወረቀቱ አነበብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ «ጥጥ መንደፊያ» ላይ ተደናቀፍኩ። አንዱ ከኋላ ረድፍ ሳቀብኝ። አስቴር ዞር ብላ አየችው። ልጁ ዝም አለ፣ እኔም ጨረስኩ።

አላጨበጨቡም፣ የሚጨበጨብለት ነገር አልነበረም። ሰልፉ ተበተነ። አስቴር በአጠገቤ ስታልፍ «እናቴ ያንን ደጋን እስከ ዛሬ ትሠራበታለች» አለችኝና ክፍሏ ገባች።

ቤት ስገባ ፍሬሙን በጀርባው ገለበጥኩ፣ ምስማሮቹን ነቀልኩ፣ ወረቀቱን አወጣሁ። የማሳርፍበትን ጠረጴዛ ቀደም ብዬ ጠርጌዋለሁ። «ያለ አንዳች ጥፋት» የሚለውን በእስክርቢቶ ሰረዝኩና ከላዩ «በአንድ ትልቅ ጥፋት» ብዬ ጻፍኩበት። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ግን ይነበባል። መልሼ ፍሬሙ ውስጥ ከተትኩት፣ ሳሎን ሰቀልኩት።